እቤት ውስጥ የማይጠራው ስም

ቴሜሊና ገና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ የቤተሰቡ አፍ ሆነች። አባቷ ሳኬላሪስ ከግሪኳ ካሊምኖስ ደሴት ተነስቶ እንግሊዝኛ ወደሚነገርባት ሩቅ የወደብ ከተማ ወደ ዳርዊን የመጣው ባሕር ጠልቆ ዕንቁ ሊያወጣ ነበር። ካሊምኖስ ወንዱ ሁሉ ስፖንጅ ፍለጋ ከባሕር ሥር የሚውልባት ደሴት ናትና ውሃ አላስፈራውም። የዕንቁው ገበያ ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ እሱም እንደ አገሩ ልጆች ሲሚንቶ ወደ ማቡካት ዞረ። ግማሽ ዕድሜውን በዳርዊን ፀሐይ ሲያቦካ ቢኖርም እንግሊዝኛው ከሥራ ቦታው አጥር አላለፈም። «ቶሎ በል»ን፣ «አሸዋ ጨምር»ን ያውቃል፤ ስድቡንማ ከነዘር ማንዘሩ ያውቀዋል። ሚስቱ ሴቫስቲ ደግሞ «እንደምን ዋላችሁ» ካለች በኋላ ፈገግ ከማለት በቀር የምትጨምረው አልነበራትም።

ስለዚህ በፖስታ ቤቱ መስኮት፣ በመብራት ቢሮው፣ በጥርስ ሐኪሙ ዘንድ የምትናገረው አንድ ልጃቸው ቴሜሊና ነበረች። መስኮቱ ከራሷ በላይ ስለሆነ አባቷ በብብቷ ይዞ ያነሳትና፣ «በይ ንገሪው፣ ምላሴ» ይላታል።

እሷም ትናገራለች፤ ቃሉን እንዳለ ግን አታደርሰውም። አንድ ቀን የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ፣ «ለአባትሽ ንገሪው፤ እዚህ አገር መኖር ከፈለገ እንደ ሰው መናገር ይልመድ» አላት።

«ምን አለ?» አለ ሳኬላሪስ።

«ይቅርታ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል አለ።»

ሳኬላሪስ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ በካሊምኖስ አነጋገር እናቱንም አባቱንም ሳያስቀር ሰደበውና፣ «ይሄን ንገሪልኝ» አላት።

«አባዬ በጣም አመሰግናለሁ ይላል» አለች ትንሿ ልጅ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ መንገዱን ሙሉ ብቻውን ይስቅ ነበር። ለምን እንደሚስቅ አልገባትም።

ኋላ በአንድ የገና በዓል አውሎ ነፋስ መጥቶ ዳርዊንን ጠራርጎ ሲወስዳት የሳኬላሪስንም ቤት ከመሠረቱ ነቀለው። እሱም እዚያው ቦታ ላይ፣ በወፋፍራም የሲሚንቶ ምሰሶዎች አናት፣ በገዛ እጁ ሌላ ሠራ። «ይሄንን እግዜር ራሱ መጥቶ ካልነቀለው በቀር ነፋስ አይነቅለውም» ይል ነበር። ቴሜሊና እዚያ ቤት ውስጥ አድጋ፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ከተማ መሃል ካለ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ተቀጠረች። ዕድሜዋ ሃያዎቹን እየገፋ አለማግባቷ እናቷን ያንገበግባታል። ሴቫስቲ «አንድ ጨዋ ልጅ አይቼላት ነበር» ብላ ስትጀምር ሳኬላሪስ ከአፏ ይነጥቃታል። «ተያት እባክሽ! እሷ ካገባች እኔ በማን አፍ ልናገር ነው?»

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ ከብዶ ሰው ሁሉ በሙቀት በሚነጫነጭበት ወር ነው። ሳኬላሪስን ምግብ እምቢ አለው። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው ተባለ። ቀጥሎ የሴቫስቲ ዘይት ነው ተባለ፤ ሴቫስቲም ተቀየመች። አንድ ጠዋት ቴሜሊና ከቤቱ ሥር ስትወርድ አባቷ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አገኘችው። ከጎኑ ሌሎች አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። ክንዱን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው። ምርመራው ተደረገለትና ለውጤቱ ተቀጠሩ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሴቫስቲ ልጇን ማድ ቤት ውስጥ ያዘቻት።

«ስሚኝ። ክፉው ነገር ከሆነ ለእሱ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ልተረጉም ነው የምሄደው።»

«ተርጉሚ! ደህና ደህናውን ተርጉሚ! አባትሽን አታውቂውም እንዴ? ያንን ከሰማ በሽታው ሳይገድለው በፊት ራሱ አልጋው ላይ ይሞታል። ማሪያምን ይዤሻለሁ!»

እቤታቸው ውስጥ ያ በሽታ ስም አልነበረውም። «ክፉው ነገር» ወይም «የዚያ ዓይነቱ» ይባላል፤ ሴቫስቲ ያንንም ካለች በኋላ ወደ ደረቷ ሦስቴ እትፍ እትፍ ትላለች። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ የካሊምኖስ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ክበብ ውስጥ ያሉ አሮጊቶች እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ቴሜሊና የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ እንጂ በእናቷ ቋንቋ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም ነበር።

ሐኪሟ ዶክተር ፓስኮ ትባላለች፤ ከደቡብ የመጣች፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ገና ወጣት ሴት። ቴሜሊና አባቷን ወንበር ላይ ትታ ኮሪደሩ ላይ ቀደመቻት።

«ዶክተር፣ ካንሰር ነው?»

ሴትየዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ይድናል?»

«ጉበቱ ጋ ደርሷል» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ሕመሙን ልናስታግስለት እንችላለን። ማዳን ግን አንችልም። በጣም አዝናለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎት። አባዬ ካንሰር የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ የሥራ ጓደኛው በሱ ነው የሞተው። እባክዎ እሱ ፊት ያንን ቃል አይጥሩት።»

«እኔ ታካሚዬን አልዋሽም። ከጠየቀኝ እመልስለታለሁ።»

«አይጠይቅዎትም። የሚሰማው በእኔ በኩል ነው። ቀስ ብዬ፣ በራሴ መንገድ እነግረዋለሁ።»

ዶክተሯ የያዘችውን ብዕር ስታገላብጥ ቆየች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «የሕክምናውን ስም እጠቀማለሁ። እሱ አይገባውም።»

ገቡ። ሳኬላሪስ የቅዳሴ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሲሚንቶ የሰነጣጠቃቸውን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዶክተሯ እሱን እያየች ተናገረች፤ ጨጓራው ላይ ያገኙት ካርሲኖማ መሆኑን፣ ወደ ሌላም ቦታ መዛመቱን፣ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚሰጡት አስረዳችው።

«ጨጓራህ ቆስሏል ነው የምትለው አባዬ» አለች ቴሜሊና። «ከባድ ቁስለት ነው። ጠንከር ያለ መድኃኒት ትወስዳለህ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይድናል።»

ሳኬላሪስ ከሐኪሟ ፊት ወደ ልጁ ፊት ዞረ። አያት፣ አያት።

«ቁስለት ነው ያለችው?»

«አዎ አባዬ።»

«እንዲያ ብላ?»

«እንዲያ ብላ።»

«እንግዲህ አመስግኚልኝ» አለና ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ቁስለቱ ራሱን የቻለ የቤተሰቡ አባል ሆነ። ሴቫስቲ ነገሩ እንደተሳካ አምና ዕለት ዕለት ሾርባ ትሠራለች፤ «ቁስለት ይወዳል» ትላለች። በዳርዊን ያለ የካሊምኖስ ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፣ ሁሉም አፉን ለጉሟል። ክበቡ ሲሄድ «ሳኬላሪ፣ ቁስለቱ እንዴት አደረ?» ይሉታል። «እኔ መብላት ትቻለሁ፤ እሱ ግን ይበላል» ብሎ ይመልስላቸዋል። ይስቃሉ። እሱ ፊቱን ሲያዞር ሳቃቸው ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ ሳኬላሪስ ሴቫስቲን መኪና መንዳት ላስተምራት ነው አለ።

«እኔን? በዚህ ዕድሜዬ? አእምሮህንም ቁስለት ነካው እንዴ?»

«መንገድ ላይ ሆኜ ቁስለቱ ቢነሳብኝስ? ጥለሽኝ በእግርሽ ልትመጪ ነው? በይ ግቢ!»

ባዶው የገበያ ሜዳ ላይ እየወሰደ ሲያስተምራት ከረመ። መኪናዋ እንደ ፍየል እየዘለለች ትሄዳለች፤ እሱ «ፍሬን! ፍሬን ሴቫስቲ! እሱ የመስታወቱ መጥረጊያ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ እሷ ሁለት እጇን ከመሪው ላይ አንስታ ታማትባለች። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሳኬላሪስ በሥራ ላይ ትዕግሥት የሌለው ነበር። አሁን ግን ለሷ ደጋግሞ ያሳያታል፣ አትቸኩይ ይላታል፣ ሲደክመው ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል። ዝናቡ ሳያባራ መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ቴሜሊና ያንን ሁሉ እያየች፣ ደህና ሰው ነው፣ ተስፋው እንዳለ ነው፣ አላወቀም ብላ ትጽናና ነበር።

ከዚያ የፋሲካው ነገር መጣ። ጥር ውስጥ ነው፤ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን እየወቀረው ሦስቱም በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዘንድሮ ለፋሲካ ካሊምኖስ ብንሄድስ?» አለ ሳኬላሪስ፤ ድምፁን ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው አድርጎ።

ሴቫስቲ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ሳኬላሪስ እናቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ቴሜሊና ልጅ ሳለች ነው። አሮጊቷ ካሎቲና አሁንም በሕይወት አለች፤ እሑድ እሑድ በስልክ ድምፁን ትሰማለች። ወደ ደሴቱ እሄዳለሁ ያለበት ዓመት ብዙ ነው፤ አንዱን ዓመት ሥራው፣ አንዱን አውሎ ነፋሱ፣ አንዱን ቤቱ ሲያስቀረው ኖረ። ዶክተር ፓስኮም «የሚፈልገው ነገር ካለ አሁን ያድርገው፤ ቆይቶ አቅሙ አይኖረውም» ብላ ለቴሜሊና ነግራታለች።

ቴሜሊና እናቷን አየቻት። ሴቫስቲ በዓይኗ «ተይ» አለቻት። የታመመ ሰው ድንገት ተነስቶ እናቱን ልይ ብሎ ባሕር ሲሻገር፣ ደሴቲቱ ላይ ዘመድ ሁሉ እየመጣ አንገቱን አቅፎ ሲያለቅስበት፣ የተደበቀው ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ እስትንፋስ ውስጥ በቴሜሊና ልብ አለፈ።

«ምን አስቸኮለህ አባዬ?» አለችው። «በዚህ ቁስለት እንዴት ትበራለህ? ለከርሞ ትድንና አንድ ላይ እንሄዳለን።»

ሳኬላሪስ ዝናቡን ተመለከተ። የሚናገረው ነገር ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሶ ዋጠው።

«ለከርሞ» አለ። «ደግ፣ ለከርሞ ይሁን።»

ፋሲካ አለፈ። ዝናቡ ቆመ፤ ደረቁና ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ገባ። ሳኬላሪስ ከቤቱ ሥር ወርዶ ካርታ መጫወት የማይችልበት ቀን ደረሰ። የካርታ ጓደኛው ቴዎፊሎስ ግን መምጣቱን አልተወም። ቴዎፊሎስ ድሮ ሲጠልቅ ባሕሩ አንድ እግሩን ያሽመደመደው ሽማግሌ ነው፤ ደረጃውን መውጣት ስለሚያሠቃየው ከታች ተቀምጦ ወደ ላይ እየጮኸ ጓደኛውን ይሰድበዋል፣ ሳኬላሪስም ከላይ በደከመ ድምፅ ይመልስለታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከላይ መልስ ሳይመጣ ቀረ፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ቴሜሊና ወርዳ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

«ፋሲካን ካሊምኖስ ልሂድ ብሎኝ ነበር አጎቴ» አለችው። «እኔ ነኝ የከለከልኩት። እንኳን አላወቀ። አውቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማው ነበር?»

ቴዎፊሎስ ካርታውን መበወዝ አቆመ።

«ማን ነው ያላወቀው?»

«አባዬ ነዋ።»

«አንቺ ልጅ፣ ትቀልጃለሽ?» ሽማግሌው ወደ ደረጃው አሻቅቦ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። ከሆስፒታል እንደወጣችሁ ትንባሆ ልገዛ ነው ብሎ እኔ ጋ አልመጣም? ‹ልጄ ቁስለት ነው ብላ ተረጎመችልኝ፤ ሐኪሟ ግን ካርኪኖማ ነው ያለችው› አለኝ። አፌን እንድዘጋ በልጄ መቃብር አስማለኝ። ይኸው ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፣ አፌ ይቆረጥ!»

«ካርሲኖማ እንግሊዝኛ እኮ ነው» አለች ቴሜሊና።

«እንግሊዝኛ? እነሱ አጠራሩን አበላሹት እንጂ ቃሉ የኛው ነው ልጄ። በኛ አገር ሐኪም ይህንን በሽታ ሲጠራው እንዲሁ ነው የሚለው። እናንተ እዚህ የተወለዳችሁት ግን… ማን ይነግራችኋል? እናቶቻችሁ እትፍ እትፍ ሲሉ ኖሩ።»

በማግሥቱ ቴሜሊና ከሥራ አስፈቅዳ ዶክተር ፓስኮ ዘንድ ሄደች። የሰማችውን ነገረቻት። ዶክተሯ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ።

«አንደኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል» አለች። «የጥንት የግሪክ ሐኪሞች እባጩን ሲመለከቱ ደም ሥሮቹ ዙሪያውን ተበትነው እንደ ሸርጣን እግር ስለታዩአቸው ካርኪኖስ አሉት፤ ሸርጣን ማለት ነው። ሮማውያን ደግሞ ያንኑ ወደ ላቲን መልሰው በራሳቸው የሸርጣን ስም ካንሰር አሉት። እኛ ሁለቱንም ወሰድን። የላቲኑ የሁሉም ሰው ሆነ፣ የግሪኩ የሐኪም ቤት ሆኖ ቀረ። ሰው እንዳይደነግጥብን ስንፈልግ የግሪኩን እንጠራለን።» እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። እፊቴ ግሪካዊ ተቀምጦ፣ አንዴ እንኳ አልታወሰኝም።»

«እኔም አላወቅሁም» አለች ቴሜሊና። እሷ የምታውቀው የሸርጣን ስም ሌላ ነው፤ አባቷ ባሕሩ ዳር ካለው ጭቃማ ደን በጆንያ ይዞ ሲመጣ ካቩሪ ነው የሚለው። ካርኪኖስ የመጽሐፉ ስም ነው፤ እቤታቸው ደግሞ መጽሐፍ አልነበረም።

ከዚያ ቴሜሊና አሁን ወደ ግሪክ መብረር ይችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «ከሁለት ወር በፊት ቢሆን…» አለችና ተወችው።

ቤት ስትደርስ ሴቫስቲ መኪናዋን ይዛ ገበያ ሄዳለች። ሳኬላሪስ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ያያል። ቴሜሊና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ያን ቀን ዶክተሯ ምን ነበር ያለችህ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የተረጎምሽልኝ?»

«አባዬ።»

ዞር ብሎ አያት። ዓይኖቹ ከስተው ትልልቅ ሆነዋል። «ቴዎፊሎስ ነው አይደል? ያ ሽባ፣ ባሕር ያልዘጋውን አፍ መሐላ አይዘጋውም ብዬ ነበር።» ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ አሳመመው። «ልጅ ሆኜ አባቴ በዚያው በሽታ ነው የተኛው። ከአቴና የመጣ ሐኪም አልጋው አጠገብ ቆሞ ቃሉን ጮክ ብሎ ተናገረው። እናቴ መጥረጊያ አንስታ ሐኪሙን እያባረረች እስከ ወደቡ አደረሰችው። ቃሉን ግን ማባረር አልቻለችም። እኔ በር ሥር ቆሜ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣ? እንዴት አሳምረሽ ነበር የነገርሽኝ! ምነው ቁስለት በሆነ ብዬ እስክመኝ ድረስ። ደግሞ እናትሽን አየኋት። ማታ ማታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታለቅሳለች፣ ምን ሆንሽ ስላት ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። እሷ ቁስለቴን አመነችልኝ፣ እኔ ጉንፋኗን አመንኩላት። ተይን፣ በዚሁ እንቆይ። ለሷ አትንገሪያት።»

ቴሜሊና ልትጠይቅ የመጣችውን ለመጠየቅ ጊዜ ወሰደባት።

«ፋሲካን ካሊምኖስ ለመሄድ በጣም ፈልገህ ነበር?»

ሳኬላሪስ እጁን አየር ላይ ወረወረ። «ኤዲያ! ማን እዚያ አውሮፕላን ላይ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ሰርዲን ታጥፎ ይሄዳል? እንዲያው ለወጉ ያህል ነው ያልኩት። ረስቼው ነበር እኮ፣ አንቺ ነሽ ያስታወስሽኝ።»

እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቃሉን ከአፉ እየተቀበለች ያደገች ናት። ድምፁ መቼ እንደሚታመን፣ መቼ እንደማይታመን ከማንም በላይ ታውቃለች።

«እሺ አባዬ» አለችው። እጁንም ያዘች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሌላ ወሬ ያወሩ ነበር። ስለ ደሴቱ አወራት፤ ከባሕር ሥር ያለው ብርሃን ምን እንደሚመስል፣ አባቱ ሲሞት እናቱ ሁለት ቀን በሩን ዘግታ እንደቆየች፣ ሲያገባ እንዴት እንደፈራ። የባከኑትን ወራት እያሰበች፣ እነዚህን ነገሮች ጥር ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ልናወራቸው እንችል ነበር እያለች ትብሰከሰክ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ከንፈሩን ታርሰዋለች። በሞተበት ጠዋት ሴቫስቲ ድንገት አልጋው ላይ ተደፍታ፣ «ሳኬላሪ፣ ላንተ ብለን ነው! ላንተ ብለን!» አለች። «አውቃለሁ፣ አንቺ ሴት» አላት። ሌላ አልተናገረም። ሴቫስቲ ሬሳውን ተከትላ መኪናውን ራሷ ነድታ መቃብር ስፍራው ድረስ ሄደች፤ ሰው ላድርስሽ ቢላት እምቢ አለች።

ቴሜሊና ገና ሐዘን ላይ ሳለች ከደሴቲቱ የአባቷ እህት ፖቲቲ ደወለች። «ለእናታችን እንዳትነግሩ» አለች እያለቀሰች። «ሩቅ በረሃ ማዕድን ሥራ ሄዷል፣ ስልክ የለም ብለናታል። ሰማንያ ያለፋት ሴት ናት፤ ብትሰማ ትሞትብናለች።» ቴሜሊናም እሺ አለች። እሑድ እሑድ አሮጊቷ «ልጄስ?» ትላለች፤ «በረሃ ነው አያቴ» ትላለች ቴሜሊና፤ «ውሃ አለው?» ትላለች አሮጊቷ። እንዲህ እያሉ ከርመው ፋሲካ ደረሰ። ቴሜሊና ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ አውሮፕላን ተሳፍራ ሄደች።

በካሊምኖስ ትንሣኤን በድማሚት ነው የሚያከብሩት፤ ከሁለቱም ተራራ ሲያፈነዱ ደሴቲቱ ትንቀጠቀጣለች። ያ እስኪያልፍ ታገሠች። ጠቦቱ ተበላ፣ ዘመድ ተበተነ። በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ ግቢው ውስጥ ባቄላ ስትፈለፍል ከፊቷ ተንበረከከች።

«አያቴ፣ አባዬ በረሃ አይደለም። ሞቷል።»

የአሮጊቷ ጣቶች ባቄላው ላይ ቆሙ። «በምን?»

«በካርኪኖማ።» ቃሉን በእናቷ ቋንቋ ከአፏ ስታወጣው ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ካሎቲና አላለቀሰችም። «ማን ጠየቀሽ?» አለች። «እኔ ጠይቄሻለሁ? እሑድ እሑድ ልጅ ነበረኝ። ይጠማዋል፣ ፀሐዩ ይመታዋል እያልኩ እጸልይለት ነበር። አሁን ምን ብዬ ልጸልይ? ከዓለም ጫፍ ድረስ መጥተሽ ያንን ወሰድሽብኝ!» ሳህኑን ገፍታ ተነስታ በሩን ዘጋች። ፖቲቲ ከጓዳ ወጥታ ቴሜሊናን ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ሰደበቻት።

አሮጊቷ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ነው የኖረችው። ፖቲቲ እስከ ዛሬ ድረስ የገደለቻት ቴሜሊና ናት ትላለች። ቴሜሊናም ዳርዊን ተመልሳ ከጨርቅ ቤቱ ለቃ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆነች፤ የሰማችውን እንጂ ሌላ እንደማትናገር ለቤተሰቡ አስቀድማ ትናገራለች፣ አንዳንዱ ቤተሰብ ሌላ ሰው ይምጣልን ይላል፣ እሷም አትከራከርም። ደሴቲቱ ላይ ያደረገችው ልክ ይሁን ጥፋት ግን ለራሷም አልለየላትም።

በዚያ ጉዞዋ፣ ልትመለስ ሻንጣዋን ስታሰናዳ፣ የካሎቲና በር ተከፈተ።

«ነይ» አለች አሮጊቷ። «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አላየቻትም።

«መጨረሻ ላይ ምን በላ?»

ሾርባ ብትል ይቀልላት ነበር። «ምንም አያቴ። መዋጥ አልቻለም። በረዶ በጨርቅ አድርጌ ከንፈሩን አርስለት ነበር።»

ካሎቲና ራሷን ነቀነቀች። «አባቱም እንዲያ ነበር። እኔ በስፖንጅ ነበር የማርስለት፤ ራሱ ከባሕር ያወጣው ስፖንጅ ነው።» የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «በረዶው ቀዝቃዛ ነበር?»

«አዎ አያቴ።»

«ይወድ ነበር፤ ሕፃን ሆኖም ቀዝቃዛ ውሃ ነበር የሚወደው» አለች አሮጊቷ፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።